የላፕቶፕን ሃርድ ዲስክ ስለ መለወጥና ሙሉ ግልባጩን ስለ ማውጣት

ለዞንና ለወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤቶች የተጻፈ ትምህርት

በየወረዳው ያላችሁ የግብርና ሹማምንትና ጸሐፊዎች እንደምታውቁት፥ ዱሮ በትልልቅ መዝገብ ተጽፎ በሣጥን ይቈለፍ የነበረው ጕዳይ ዛሬ አብዛኛው በላፕቶፕ ውስጥ ይገኛል። ማዳበሪያና ምርጥ ዘር የወሰዱ ገበሬዎች ስም፥ የከብት ክትባት ቍጥር፥ የመስኖ ቦይ ልክ፥ የሰብል ግምት፥ ለዞን የተላከው ደብዳቤ ሁሉ ስፋቱ ከመዳፍ በማይበልጥ አንድ ዕቃ ላይ ተጽፎ ተቀምጦአል። ይህም ዕቃ ሃርድ ዲስክ ይባላል። እርሱ የሞተ እንደ ሆነ፥ የቀረው የላፕቶፑ አካል ሁሉ ደኅና ቢሆንም፥ የጽሕፈት ቤቱ መዝገብ ጠፋ ማለት ነው። የገበሬዎቹን ስም እንደ ገና ለመሰብሰብ ቀበሌ ለቀበሌ መዞር ያስፈልጋል፤ ነገሩ የደረሰው ማዳበሪያ በሚከፋፈልበት ወራት ከሆነ ደግሞ፥ ዝናሙ ጸሐፊውን አይጠብቅምና ጕዳቱ በገበሬው ማሳ ላይ ይወድቃል።

በቅርብ ጊዜ ዲስኩ የታመመ አንድ ላፕቶፕ ከወረዳ መጥቶልን፥ በአዲስ አበባ በስተ ደቡብ በነፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፥ ጎፋ አካባቢ ወዳለ አንድ ጥገና ቤት ይዤው ሄድሁ። (ሰፈሩ ስሙን ያገኘው ያለ ሽቦ በነፋስ ላይ ወሬ ከሚያደርሰው ከራዲዮ ስልክ ነው።) ሥራው ከጧት እስከ ማታ ስለ ፈጀ፥ ከሠራተኛው አጠገብ ተቀምጬ እያየሁና እየጠየቅሁ ዋልሁ። ያየሁትንም ቀድሞ ከማውቀው ጋር አስተባብሬ፥ ከከተማ ርቃችሁ ላላችሁት ይጠቅማል በማለት ከዚህ ቀጥሎ ጽፌዋለሁ።

ሃርድ ዲስክ ዛሬ በሁለት ዓይነት ይገኛል። የቈየው ዓይነት በውስጡ እንደ መስተዋት የለሰለሰ ክብ ሰሌዳ አለው። ሰሌዳው በደቂቃ 5400 ወይም 7200 ጊዜ ይዞራል፤ በላዩም በጣም ትንሽ ራስ ያለው ክንድ ወዲያና ወዲህ እየተመላለሰ በማግኔት ኃይል ይጽፋል፥ ያነብባልም። የዚህ ዕቃ የመጀመሪያ አባት በአውሮጳ አቈጣጠር በ1956 ዓ.ም. አይ ቢ ኤም የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ያወጣው ነው፤ 50 ሰሌዳዎች ነበሩት፥ ክብደቱም አንድ ቶን ያህል ሆኖ ሳለ የሚይዘው 5 ሚሊዮን ፊደል ብቻ ነበር። ሁለተኛው ዓይነት ኤስ ኤስ ዲ የሚባለው ነው። ይህ የሚዞር ሰሌዳም የሚንቀሳቀስ ክንድም የለውም፤ ጽሕፈቱን የሚይዘው በደቃቅ ክፍሎች ውስጥ በታሰረ የኤሌክትሪክ ኃይል ነው። ስለዚህ መንቀጥቀጥን ይችላል፥ ንባቡም ከቀድሞው አምስት እጥፍና ከዚያም በላይ ይፈጥናል።

ለእኛ አገር ግን ከፍጥነቱ ይልቅ ልናስበው የሚገባ ሌላ ነገር አለ። በሚዞረው ዲስክ ውስጥ ራሱ ከሰሌዳው የሚርቀው የሚሊሜትር ሚሊዮንኛ እጅ ጥቂት እጥፍ ያህል ብቻ ነው። ሰሌዳውን ሳይነካ የሚንሳፈፈውም ከመዞሩ በሚነሣው ነፋስ ተደግፎ ነው። አየሩ በሳሳበት ከፍታ ይህ ነፋስ ይደክማል፥ ራሱም ወደ ሰሌዳው ይቀርባል። ከዚህ የተነሣ አብዛኞቹ ሠሪዎች የላፕቶፕ ዲስክ እስከ 3048 ሜትር ከፍታ ድረስ ብቻ እንዲሠራ ወስነዋል። አዲስ አበባ ላይ ይህ አያሳስብም። ነገር ግን እንደ መንዝ ጓሳ ባለ፥ ከ3200 እስከ 3700 ሜትር ከፍታ ባለው አገር ላይ የሚሠራ ባለሞያ የሚዞር ዲስክ ያለበትን ላፕቶፕ ከፍቶ ሲጽፍ ከተወሰነለት ልክ አልፎ መሥራቱ ነው። በዚህም ላይ ላፕቶፑ ሳይጠፋ በቦርሳ ሆኖ በሞተር ብስክሌት በኰረኰንች መንገድ ይጫናል። ስለዚህ ለደጋ ወረዳዎችና በየቀበሌው ለሚዞሩ ባለሞያዎች በቅድሚያ ሊለወጥላቸው የሚገባው ይህ ነው ብዬ አስባለሁ፤ የጽሕፈት ቤት ጠረጴዛ ላይ ብቻ የሚቀመጠው ተራውን ሊጠብቅ ይችላል።

ዲስክ መታመሙ በብዙ ምልክት ይታወቃል። ላፕቶፑ ሲከፈት ከወትሮው እጅግ ይዘገያል፤ አንድ ሰነድ ሲከፈት መላው መኪና ፈዞ ይቆማል፤ ትናንት የተቀመጠ ጽሑፍ ዛሬ አልከፈት ይላል፤ ከሁሉ የሚከፋው ግን ከውስጥ ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ መሰማቱ ነው። ድምፅ ሳይሰማም የዲስክን ጤና የሚያሳዩ ፕሮግራሞች አሉ፤ ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የሚባለው በነጻ ይገኛል። በእርሱ ዝርዝር ውስጥ 5ኛው፥ 197ኛውና 198ኛው ቍጥር የተበላሹ ወይም አልነበብ ያሉ ቦታዎችን ይቈጥራሉ። እነዚህ ከዜሮ አልፈው በየሳምንቱ የሚጨምሩ ከሆነ ዲስኩ ሊሰናበት ተዘጋጅቶአል። በዚህ ጊዜ ብዙ ሰዎች የሚያደርጉት ስሕተት ዊንዶውስ ራሱን እንዲጠግን ማዘዝ ነው። የታመመ ዲስክ በጥገና ትእዛዝ ሌሊቱን ሙሉ ሲደበደብ ያድራል፥ የቀረችውንም ጕልበት በዚያ ይጨርሳል። ምልክቱ የታየ እንደ ሆነ ላፕቶፑን ዘግቶ፥ ግልባጭ እስኪወጣ ድረስ አለመክፈት ይሻላል።

አሁን ግልባጭ ስለሚባለው ነገር ልናገር። ሰነዶችን ብቻ መርጦ ወደ ፍላሽ መቅዳት አንድ ነገር ነው፤ ዲስኩን እንዳለ መገልበጥ፥ ሠራተኞቹ ክሎን የሚሉት፥ ሌላ ነገር ነው። የመጀመሪያው ከመጽሐፍ የሚፈለገውን ምዕራፍ ብቻ ቀድቶ እንደ መውሰድ ነው። ሁለተኛው ግን የቁም ጽሕፈት ዐዋቂ ብራናውን ፍቆ፥ አስምሮ፥ ከአርእስቱ እስከ መጨረሻው፥ በኅዳግ ያለውንም ምልክት ሳይቀር እንደሚገለብጠው ያለ ነው። ላፕቶፑ እንዲነሣ የሚያደርገው ክፍል በዓይን በማይታይ ቦታ ለብቻው ተቀምጦአል፤ ዊንዶውሱ፥ የማተሚያ መኪናው ትእዛዝ፥ የሒሳብ ፕሮግራሙ ሁሉ በየቦታቸው ተተክለዋል። ሰነድ ብቻ የቀዳ ሰው ይህን ሁሉ እንደ ገና መትከል ይኖርበታል።

ለአማርኛ ጽሑፍ ደግሞ አንድ የተለየ ምክንያት አለ። ፊደላችን ዓለም ሁሉ በሚጠቀምበት በዩኒኮድ ሥርዐት የገባው በአውሮጳ አቈጣጠር በ1999 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊትም፥ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመት፥ በየመሥሪያ ቤቱ ይጻፍ የነበረው እንደ ፓወር ግዕዝ ባሉ ፕሮግራሞች ነበር። በዚያ በቀድሞው አጻጻፍ የተጻፈ ደብዳቤ የራሱ ፊደል በሌለበት ላፕቶፕ ላይ ሲከፈት ትርጕም የሌለው የላቲን ፊደል ሆኖ ይታያል። የቆዩ የመሬትና የመስኖ ደብዳቤዎች ያሉት ጽሕፈት ቤት ሰነዱን ብቻ አድኖ ፊደሉን የጣለ እንደ ሆነ፥ መዝገቡን ይዞ ማንበብ እንዳቃተው ሰው ይሆናል። ሙሉ ግልባጭ ግን ፊደሉንም ፕሮግራሙንም ይዞ ይሻገራል።

ግልባጭን አስቀድሞ ማውጣት ለአገራችን አዲስ አሳብ አይደለም። በአውሮጳ አቈጣጠር በ1973 ዓ.ም. የገዳማትንና የአድባራትን የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም ማንሣት ተጀምሮ፥ ከ9000 በላይ መጻሕፍት ተነሥተዋል፤ የፊልሙ ግልባጭም በአሜሪካ በሚኒሶታ ግዛት ኮሌጅቪል በተባለ ቦታ ተቀምጦአል። መጻሕፍቱን የሚመረምሩ ሊቃውንት እስከ ዛሬ በዚያ ፊልም ይጠቀማሉ።

አዲሱን ዲስክ ስትገዙ አስቀድሞ የላፕቶፑን ዓይነት ማወቅ ያስፈልጋል። የቈዩት ላፕቶፖች 2.5 ኢንች የሚባለውን በሳታ መሰኪያ የሚገባውን ዲስክ ይይዛሉ፤ ውፍረቱ 7 ሚሊሜትር የሆነም 9.5 ሚሊሜትር የሆነም አለ፤ ወፍራሙ በቀጭኑ ስፍራ አይገባም። አዳዲሶቹ ደግሞ ኤም ዶት ቱ የሚባለውን እንደ ማስቲካ ቀጭንና ረዥም የሆነውን ይይዛሉ። በዚህ ላይ መጠንቀቅ ይገባል፤ ኤም ዶት ቱ በመልኩ አንድ ሲሆን በውስጡ ሳታ የሆነም ኤን ቪ ኤም ኢ የሆነም አለና፥ ላፕቶፑ አንዱን ብቻ የሚያውቅ ከሆነ ሌላው ቢሰካም አይታይም። በአንዳንድ ላፕቶፕ ላይ ዲስኩ ከዋናው ሰሌዳ ጋር ስለ ተበየደ ከቶ አይለወጥም። ስለዚህ ገንዘብ ከመውጣቱ በፊት ሠራተኛው ከፍቶ እንዲያይ ማድረግ ይሻላል።

ስለ መጠኑም ብዙ ጊዜ የሚያሳስት ነገር አለ። አሮጌው ዲስክ 500 ጊጋባይት ሆኖ ሳለ በገበያ ብዙ የሚገኘው ኤስ ኤስ ዲ 480 ጊጋባይት ነው። ልዩነቱ ጥቂት መስሎ ይታያል፤ ዳሩ ግን ዐሥር ገጽ ያለውን ጽሑፍ ዘጠኝ ገጽ ባለው ደብተር እንዳለ መገልበጥ አይቻልም። በአሮጌው ላይ የተጻፈው 200 ጊጋባይት ብቻ ቢሆን እንኳ፥ የገጹ ድንበር አስቀድሞ ካልተጠበበ ገልባጩ ፕሮግራም እምቢ ይላል። 512 ወይም 1000 ጊጋባይት የሆነውን መግዛት ይህን ድካም ያስቀራል። ደግሞም በጣም በረከሰ ዋጋ ብዙ ቴራባይት ይይዛል ተብሎ የሚሸጥ ዕቃ አለ። እንዲህ ያለው ሐሰተኛ ዕቃ ለዊንዶውስ ትልቅ ቍጥር ይነግራል፥ ከውስጡ ግን ትንሽ ነው፤ ሲሞላ የገባውን በገባው ላይ እየጻፈ ሁሉንም ያበላሻል። ስለዚህ በሞዴል 19 ገቢ ሳይደረግ፥ እስከ መጨረሻው በሚሞላ መመርመሪያ ፕሮግራም ይፈተን።

ከመገልበጥ በፊት ሁለት ነገር ይደረግ። አንደኛ፥ እጅግ የሚያስፈልጉት ሰነዶች፥ ዲስኩ ገና የሚነበብ ከሆነ፥ ለብቻቸው ወደ ሌላ ዕቃ ይቀዱ። ሁለተኛ፥ ቢትሎከር የተባለው የዊንዶውስ መቈለፊያ መኖር አለመኖሩ ይታይ። በአዳዲስ ላፕቶፖች ባለቤቱ ሳያውቀው ተቈልፎ ይገኛል። መቈለፊያው በርቶ ከሆነ 48 አኀዝ ያለው መክፈቻ ቍጥሩ በወረቀት ይጻፍ፤ የሚቻል ከሆነም ግልባጩ እስኪያልቅ ድረስ መቈለፊያው ይነሣ። ቍጥሩ ሳይያዝ የተገለበጠ ዲስክ ቍልፉ የጠፋበት ካዝና ነው።

ጎፋ ያየሁት ሠራተኛ የተጠቀመው ክሎንዚላ በሚባል ነጻ ፕሮግራም ነው። ይህን በታይዋን ያሉ ባለሞያዎች ያዘጋጁት ሲሆን፥ ከፍላሽ ላይ ይነሣል እንጂ በላፕቶፑ ላይ አይተከልም። አዲሱ ዲስክ ከሳታ ወደ ዩ ኤስ ቢ በሚያሻግር ኬብል ከውጭ ይሰካል። ፕሮግራሙ ሲነሣ ያሉትን ዲስኮች በዝርዝር አሳይቶ፥ ምንጩ የትኛው ነው፥ ተቀባዩ የትኛው ነው ብሎ ይጠይቃል። የዚህ ትምህርት ዋና ቦታ እዚህ ላይ ነው። ፕሮግራሙ የታዘዘውን ይፈጽማል እንጂ የትኛው ዲስክ ሙሉ፥ የትኛው ባዶ መሆን እንዳለበት አያውቅም።

ይህን የምጽፈው ከደረሰብኝ ነው። ከብዙ ዓመት በፊት በአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ሳለሁ፥ ሁለት ማስገቢያ ያለው፥ ያለ ኮምፒውተር የሚገለብጥ ትንሽ መኪና ተገዝቶልን ነበር። ሁለቱም ዲስኮች እኩል 500 ጊጋባይት ነበሩ፥ መልካቸውም አንድ ነበረ። አዲሱን በምንጩ ቦታ፥ አሮጌውን በተቀባዩ ቦታ አስገብቼ ቍልፉን ተጫንሁ። 25፥ 50፥ 75፥ 100 የሚሉት መብራቶች ተራ በተራ ሲበሩ ደስ እያለኝ ሻይ ጠጣሁ። የተገለበጠው ባዶነት ነበር። የሦስት ዓመት ደብዳቤና የስም ዝርዝር በገዛ እጄ ፋቅሁ፤ ያንንም ከወረቀት ግልባጮች እየለቀምሁ ለመጻፍ ከግማሽ ዓመት በላይ ፈጅቶብኛል። ከወረቀት ያልተገኘው ግን እስከ ዛሬ አልተገኘም።

ስለዚህ ዲስኮቹ ከመሰካታቸው በፊት በእያንዳንዱ ላይ የተለጠፈው መለያ ቍጥር በወረቀት ይጻፍ፤ በአሮጌው ላይ «ምንጭ» በአዲሱ ላይ «ተቀባይ» የሚል ጽሑፍ ይለጠፍ። ፕሮግራሙ የዲስኩን ስምና መለያ ቍጥር ሲያሳይ ከወረቀቱ ጋር ይተያይ። ስሙን እያነበበ ሁለተኛ ሰው እንዲመለከት ቢደረግ ደግሞ ይበልጣል፤ በቤተ ክርስቲያን መጽሐፍ ከተገለበጠ በኋላ አንዱ ሲያነብብ ሌላው በዓይኑ እየተከተለ የሚያርመው ስለዚህ ነው። በዲስክ ሥራ ግን ማናበቡ ከመገልበጡ በፊት ይሁን።

የሚፈጀው ጊዜ በቀላል ሒሳብ ይታወቃል። 500 ጊጋባይት 500 ሺህ ሜጋባይት ነው። መንገዱ በሴኮንድ 100 ሜጋባይት የሚያሳልፍ ከሆነ 5000 ሴኮንድ፥ ይኸውም 1 ሰዓት ከ23 ደቂቃ ያህል ይፈጃል። በአሮጌው የዩ ኤስ ቢ መሰኪያ በሴኮንድ 35 ሜጋባይት ብቻ የሚያልፍ ከሆነ 4 ሰዓት ገደማ ይሆናል። ክሎንዚላ የተጻፈበትን ቦታ ብቻ መርጦ ስለሚገለብጥ አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ ያነሰ ይበቃዋል። ባትሪው የደከመ ላፕቶፕ ከሆነ ግን መብራት ሊጠፋ ይችላልና ዩ ፒ ኤስ ይዘጋጅ። በመካከል የተቋረጠ እንደ ሆነ አትደንግጡ፤ ምንጩ የሚነበብ እንጂ የሚጻፍበት ስላልሆነ ሥራውን ከመጀመሪያ መድገም ነው።

እኛ የወሰድነው ዲስክ ግን ታምሞ ስለ ነበረ በዚህ መንገድ አልሆነም፤ ፕሮግራሙ የማይነበብ ቦታ ላይ ሲደርስ ቆመ። ሠራተኛውም ዲ ዲ ሬስኪዩ ወደሚባለው ሌላ ነጻ ፕሮግራም ተሻገረ። የዚህ ብልሃት እንዲህ ነው፤ አልነበብ ያለውን ቦታ አልፎ አስቀድሞ ጤነኛውን ሁሉ ይገለብጣል፤ ያለፈውንም ቦታ በመዝገብ ይጽፋል፤ በኋላ ወደ ክፉው ቦታ ተመልሶ ጥቂት በጥቂት ይሞክራል። መዝገብ ስላለው ሥራው ቢቋረጥ ካቆመበት ይቀጥላል። ገበሬ ዝናም ሲያስፈራራው አስቀድሞ የደረሰውን አጭዶ ወደ ቀረው እንደሚመለስ ያለ ነው። ማታ ሲጨርስ ከጥቂት ቦታ በቀር ሁሉም ተሻግሮ ተገኘ። የጐደለው በአንድ የክትባት ሰንጠረዥ ላይ ወደቀ፤ እርሱንም ወረዳው ለዞን ከላከው የወረቀት ግልባጭ መለሱት። ዲስኩ ጨርሶ የማይዞር ወይም ሲዞር የሚንቋቋ ቢሆን ኖሮ ግን ይህም አይሠራም ነበር፤ እንዲህ ያለውን ደጋግሞ ከመሞከር ዘግቶ ለልዩ ባለሞያ መስጠት ይሻላል።

መለወጡ ከሁሉ የቀለለ ሥራ ነው። ላፕቶፑ ተዘግቶ ቻርጀሩ ይነቀል፤ ባትሪው የሚወጣ ከሆነ ይውጣ፥ በውስጥ ከሆነም መሰኪያው ከሰሌዳው ይላቀቅ። በእጅ ያለው የኤሌክትሪክ ኃይል ዕቃውን እንዳይጐዳ አስቀድሞ በመሬት የተተከለ ብረት መንካት መልካም ነው። ብሎኖቹ በልካቸው በሆነ ትንሽ ካቻቢቴ ይፈቱ፤ አጭርና ረዥም ስላለባቸው የላፕቶፑን ሥዕል በወረቀት ሥሎ እያንዳንዱን በወጣበት ቦታ ላይ ማስቀመጥ ነው። ረዥሙ ብሎን በአጭሩ ቦታ ቢገባ ሰሌዳውን ይወጋዋል። 2.5 ኢንቹ ዲስክ የተቀመጠበት የብረት ማቀፊያ ወደ አዲሱ ይዛወር፤ ኤም ዶት ቱ ከሆነ አጋድሎ አስገብቶ፥ ተጭኖ በብሎን ማሰር ነው።

መጀመሪያ ሲከፈት አሮጌው ዲስክ በውጭም ቢሆን አይሰካ። ሁለቱ አንድ መለያ ስለሚይዙ ዊንዶውስ አንዱን ይዘጋዋል፥ ወይም ሳታውቁት ከአሮጌው ይነሣል። ከተነሣ በኋላ፥ አዲሱ ዲስክ የሚበልጥ ከሆነ፥ የተረፈው ባዶ ቦታ ከዋናው ክፍል ጋር ይቀላቀል። ምርመራውም እንዲህ ይሁን፤ ትልቁ የማዳበሪያ ሰንጠረዥ ይከፈትና ድምሩ ከወረቀቱ ጋር ይተያይ፤ በቀድሞው ፊደል የተጻፈ አንድ ደብዳቤ ይከፈት፥ ይታተምም፤ የዋና ዋናዎቹ ፎልደሮች ሰነድ ብዛት ይቈጠር። ላፕቶፑ ተነሣ ብሎ ብቻ መፈረም አይገባም።

ኤስ ኤስ ዲ ሲሞት እንደ አሮጌው ጠቅ ጠቅ ብሎ አያስጠነቅቅም፤ ማታ ደኅና አድሮ ጧት ላይታይ ይችላል። ስለዚህ አሮጌው ዲስክ ጤነኛ ሆኖ ለፍጥነት ብቻ የተለወጠ ከሆነ፥ በዩ ኤስ ቢ ማቀፊያ ተደርጎ በየሳምንቱ ዓርብ የሰነዶች ግልባጭ ይቀመጥበት፤ ከላፕቶፑም ጋር በአንድ ቦርሳ አይኑር። ለብዙ ዓመት በቁም ሣጥን ለሚቀመጥ ግልባጭ የሚዞረው ይሻላል፤ ኤስ ኤስ ዲ ያለ ኤሌክትሪክ ብዙ የቈየ እንደ ሆነ የያዘው ኃይል እየሳሳ ይሄዳልና። የታመመው ዲስክ ግን ቀኑና የወጣበት ላፕቶፕ ቍጥር ተጽፎበት፥ አዲሱ ቢያንስ ለሦስት ወር በደኅና እስኪሠራ ድረስ ይቈለፍበት። ከዚያም በላዩ ያለው የሰው ስም፥ የስልክ ቍጥርና የመሬት ልክ በአዋጅ ቍጥር 1321/2016 የሚጠበቅ የግል ጕዳይ ስለ ሆነ፥ ከዳር እስከ ዳር በባዶ ተጽፎበት ወይም ሰሌዳው በመዶሻ ተሰብሮ፥ ሁለት ሰዎች በፈረሙበት ቃለ ጕባኤ ከንብረት መዝገብ ይሰረዝ። ለጥገና ቤቱ ትርፍ ዕቃ ነው ተብሎ አይተው።